ቁልፍ ያዧና እህቷ

በሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት የደብረ ታቦር ልጆች ይኖሩ ነበር። እህትማማቾች ናቸው። ታላቋ ቀድማ መጣች፤ ታናሿ ተከተለቻት። በአንዲት ጠባብ ክፍል አንድ አልጋ ይጋራሉ። ታላቋ ከሌሊት ሥራ ስትገባ ታናሿ ለቀን ሥራ ትወጣለች። ደረጃው ላይ ተሳስመው ይተላለፉና የገባችው የወጣችውን ሙቀት ትወርሳለች።

ታላቋ ሁለት ሥራ ነበራት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ በ149 ቁጥር አውቶቡስ ወደ መሐል ከተማ ትወርድና ቢሮ ታጸዳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዋናው መንገድ፣ ሃይ ሮድ ከሚሉት፣ ገባ ብሎ ያለ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ታጸዳለች። የአዳራሹ ቁልፍ በእጇ ነው። ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች፤ በረኪና ያነጣው ጣቷም ሳታስበው ይነካካዋል።

አዳራሹ ቅዳሜ ማታ ባዶውን እንደሚያድር ታውቃለች። አንድ ቀን ሽማግሌውን እንግሊዛዊ ቄስ በር ላይ ጠብቃ፣ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ማዶ ነው። እሑድ ጠዋት ሥራ የሚገቡ ሰዎች አይደርሱበትም። ቅዳሜ ማታ እዚህ ብንጸልይ ይፈቅዱልናል?» አለቻቸው። ቄሱ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው እንድትመልስ ብቻ ለመኗት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ እህትማማቾች፣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ወሯ የገባ አንዲት ነፍሰ ጡር። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ለገባ ሐበሻ ሁሉ ተናገረ። ነፍሰ ጡሯ ወልዳ ስትነሣ አራስ ጠያቂዎቿን ይዛ መጣች። የስልክ መጠገኛ ሱቅ ያለው ልጅ ማስታወቂያ በእጁ ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ዓመት ሳይሞላ ወንበር አነሰ። ከስድሳ ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የቶተንሃም ስታዲየም ጨዋታ ባለበት ቀን ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ እነሱ ግን ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ።

ዕጣን ማጠን ሲጀምሩ ችግር ተፈጠረ። ጣራው ላይ ጭስ ሲነካው የሚጮህ ትንሽ ነጭ መሣሪያ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጮኾ ሰፈሩን ሁሉ አስወጣ። ዕጣኑ ይቅር የሚል ሐሳብም ተነሣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታናሿ ምንም ሳትናገር ከመሣሪያው ሥር ወንበር አስጠጋች፤ ወጣችበትና ነጠላዋን አጣጥፋ ታራግብ ጀመር። ጭሱ በከፈተችው መስኮት ወጣ። ጸሎቱ እስኪያልቅ አንድ ክንዷ ሲዝል በሌላው፣ ሌላው ሲዝል በመጀመሪያው እያራገበች ቆመች። ከዚያ ወዲህ ቦታዋ እዚያው ሆነ። ሕዝቡ ወደ ሥዕለ ማርያም ስለሚያይ ከኋላ ወንበር ላይ የቆመችውን ልብ የሚላት አልነበረም። ከጸሎት በኋላ ልጆቹን ሰብስባ ፊደል የምታስቆጥረውም እሷ ናት። የታናሿ ሥራ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሲሠራ አይታይም፣ ሲቀር ግን ይጮኻል።

ሰው የሚያውቀው ታላቋን ነው። «ቁልፍ ያዧ» ይሏታል። በር የምትከፍት እሷ፣ ለቄሱ የምትናገር እሷ፣ የታመመ የምትጠይቅ እሷ። እውነትም ነው፤ ያለ እሷ አንዱም አይሆንም ነበር።

በዚህ መሐል ከደብረ ታቦር ስልክ ተደወለ። እናታቸው ወድቀዋል። ግማሽ ሰውነታቸው አይታዘዝም።

ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ አጠገብ፣ ፔጅ ግሪን በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ሰባት ዛፎች በክብ ቆመዋል። የጥንቶቹን ዛፎች የተከሏቸው ሊለያዩ የተቃረቡ ሰባት እህትማማቾች ናቸው ብሎ የሰፈሩ ሰው ያወራል፤ ያሁኖቹ የተተከሉት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ነው። ታናሿ እህቷን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ እኔ ልመለስ ነው» አለቻት።

«ለስንት ጊዜ?»

«እስክትድን። ካልዳነችም እስክትሸኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

«ወረቀትሽስ? ስንት ዓመት የጠበቅሽው?»

«ወረቀቱ እናቴን አያገላብጥልኝም።»

«ማኅበሩስ? ልጆቹስ?»

«አንቺ አለሽ።»

ታላቋ ተነሣች። «የጀመረ ሰው ጥሎ አይሄድም» አለች። «ጥሎ የሚሄድ ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረበትም።»

እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ሲተላለፉ መሳሳሙ ቀረ። ቅዳሜ ማታም አንዷ ፊት ለፊት፣ አንዷ ወንበር ላይ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ለየብቻቸው ወደ አንድ ቤት ይሄዳሉ።

ነገሩን የባሰ ያከበደው ዕቁቡ ነው። በሐምሌ ዕጣው ለታላቋ ወጣላት፤ ሦስት ሺህ ፓውንድ። ይህን ገንዘብ ገና ሳይወጣ በልቧ መድባው ነበር። ሃይ ሮድ ላይ የተዘጋ አንድ ሱቅ ተከራይታ ማኅበሩን ከተውሶ አዳራሽ ልታወጣው ነው። ባለቤቱን አነጋግራለች፤ ቀብድ ብቻ ነው የቀረው። የአውሮፕላን ትኬትና የእናታቸው ሕክምና ከየት እንደሚመጣም ሁለቱም ያውቁ ነበር። ታናሿ አልጠየቀችም፤ ታላቋም አላነሣችውም።

የመንደሩ ሰው ነገሩን ለመሪጌታ ነገራቸው። መሪጌታ ጎንደር አቋቋም ዘልቀው፣ ለንደን መጥተው ብዙ ዘመን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሐምሌ 26 ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ታናሿ ቡና አቀረበች። ታላቋ ከእሳቸው ጎን ተቀመጠች፤ የሚፈርዱት ለእሷ እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

መሪጌታ ስለ ጠቡ አልጠየቁም። የመጀመሪያውን ስኒ ጠጥተው፣ «ዛሬ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በዓል ነው» አሉ። «ታሪካቸውን ታውቁታላችሁ?»

«ማን የማያውቅ አለ መሪጌታ» አለች ታላቋ።

«እንግዲያው ሳሳስት አርሙኝ። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሊቅ ሁለት የዘመድ ልጆች ይዞ በባሕር ሩቅ አገር ሄደ። ትልቁ ፍሬምናጦስ፣ ትንሹ ኤዴስዮስ። ሲመለሱ መርከቧ ውኃና ስንቅ ለመያዝ በእኛ ወደብ ቆመች። የዚያን ጊዜ የባሕሩ ዳር ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና መርከበኞቹን በሙሉ ፈጇቸው። ሁለቱን ልጆች ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አገኟቸው። አሳዘኗቸው። ወደ አክሱም ወስደው ለንጉሡ ሰጧቸው።»

«ባሮች ሆኑ» አለች ታናሿ ቀስ ብላ፤ ብዙ ቀን ካለፈ በኋላ በእህቷ ፊት ድምፅዋ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

«አዎ ልጄ፣ የንጉሥ ባሮች። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ አስተዋይ ስለነበረ መዝገቡንና ግምጃ ቤቱን ያዘ። ቁልፉ በእጁ ነበር ማለት ነው።»

ታላቋ አንገቷ ላይ ያለውን ነካችው።

«ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። መንገዱ ተከፈተላቸው። ግን ንግሥቲቱ፣ ልጇ ገና ሕፃን ነውና፣ እስኪያድግልኝ አትሂዱ ብላ ለመነቻቸው። ቀሩ። በዚያ የሞግዚትነት ዘመን ነው ፍሬምናጦስ ያችን ነገር የሠራት። ለንግድ ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖቹን ፈለጋቸው። አገሬውን ገና አልሰበከም። እንግዶቹን ጠርቶ በየከተማው እየተሰበሰባችሁ ጸልዩ አላቸው፤ ቦታ ሰጣቸው፤ ለሕንፃው የሚያስፈልገውን ሰጣቸው። የእኛ ክርስትና እንዲህ ነው የገባው ልጆቼ። መጀመሪያ ቦታ ላጡ ሰዎች ቦታ ተሰጣቸው።»

ታላቋ ራሷን ነቀነቀች። ታሪኩ ወደ እሷ እየመጣ ነው።

«ልጁ አደገ። ዒዛና ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አብርሃ የምትለው። መንግሥቱን አስረክበውት ሊሄዱ ተነሡ። ንጉሡም እናቱም ቅሩ ብለው ቢለምኑ እሺ አላሉም። አብረው ወጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ቸኩሎ ጢሮስ ገባ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ እስክንድርያ ሄዶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ328 በመንበሩ የተቀመጠውን አትናቴዎስን ደጅ ጠና። በዚያ አገር ምእመናን አሉ፤ እረኛ የላቸውም፤ የሚገባ ሰው ፈልገህ ላክላቸው አለው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ መከረና ከአንተ የተሻለ ከወዴት ይገኛል ብሎ ራሱን ጳጳስ አድርጎ ላከው። ተመለሰ። አባ ሰላማ ተባለ። በዒዛና ሳንቲም ላይ ጨረቃ ነበረች፤ በእሷ ቦታ መስቀል ገባ።»

«ብሪቲሽ ሙዚየም የአክሱም ሳንቲም አለ» አለች ታናሿ። «ልጆቹን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ።»

ታላቋ ስኒዋን አስቀመጠች። «መሪጌታ፣ ጥሩ አድርገው ተናገሩት። ሁለት ወንድማማች፣ አንድ መንገድ። የቀረው ቅዱስ ሆነ። የሄደውን ዛሬ ማን ያነሣዋል?»

ታናሿ ረከቦቱን አቀርቅራ ታያለች።

መሪጌታ ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ። ቸኩለው አያውቁም። «በደጃችሁ የሚያልፈውን መንገድ ማን እንደጠረገው ታውቃላችሁ?» አሉ።

«ሃይ ሮዱን?»

«ሮማውያን ናቸው የጠረጉት። ኤርሚን ስትሪት ይሉታል፤ ከለንደን ተነሥቶ ወደ ሰሜን እስከ ዮርክ። ቆስጠንጢኖስ በ306 ንጉሥ ተብሎ የታወጀው ዮርክ ላይ ነው። በ314 አርል በተደረገው ጉባኤ ከዚህ ደሴት የሄዱ ጳጳሳት ነበሩ፤ አንዱ የለንደን ነው። እንግዲህ ፍሬምናጦስ ከመሾሙ በፊት በዚህ መንገድ ክርስቲያን ይመላለስ ነበር ማለት ነው። ቤት ለቤት የተሰበሰቡ፣ ቦታ የለመኑ፣ ቦታ የሰጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። መጀመሪያ ያመጣላቸው ማን ነው? ነጋዴ ነው፣ ወታደር ነው፣ አገልጋይ ነው? አንገቱን የሰጠውን አልባንን ያውቁታል። አልባን በቤቱ የሸሸገውን ካህን ግን የቀደመው ታሪክ ስሙን እንኳ አልያዘም። ምን የመሰለ ሥራ ሠርተው ይሆን? የነገረላቸው የለም።»

ዝም አሉ። ጀበናው ብቻ ይንተከተካል።

«አሁን ልጠይቅሽ ልጄ» አሉ ታላቋን። «የፍሬምናጦስን ታሪክ ማን ነገረን?»

«መጽሐፍ ነዋ።»

«መጽሐፉን ማን ጻፈው?»

ታላቋ «ስንክሳሩ…» ብላ ጀምራ ተወችው።

«ሩፊኖስ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ነው አስቀድሞ የጻፈው፤ በ400 ዓመት ገደማ። አክሱምን አላየም። ፍሬምናጦስን አላገኘም። እንዲያው ሲወራ የሰማሁት አይደለም ብሎ፣ ማን እንደነገረው በግልጽ ጽፎታል።» መሪጌታ ስኒውን አወረዱ። «ኤዴስዮስ ነው የነገረው። በጢሮስ ቄስ ሆኖ ነበር። ዛፉን፣ መርከቧን፣ ንግሥቲቱን፣ እስክንድርያን፣ ሁሉንም። ጥሎ የሄደው ነው የነገረን።»

ታናሿ ቀና አለች።

«ሌላም ልጨምርላችሁ» አሉ። «በኋላ የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ፣ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ ብሎ ለዒዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በመንበሩ እንደነበረ የምናውቀው ከዚያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውንም ያቆየልን አትናቴዎስ ነው፤ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ገልብጦ። ፍሬምናጦስ ስለ ራሱ የጻፈው አንድ መስመር እጃችን ላይ የለም።»

ተነሡ፤ ዱላቸውን ያዙ። በር ላይ ሲደርሱ ለታላቋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንድ ነገር ሁልጊዜ አስባለሁ» አሉ። «ወንድማማቾቹ ሲለያዩ ምን ተባባሉ ይሆን? ኤዴስዮስ ሲተርክ ግን የወንድሙን ሥራ ከራሱ አስበልጦ፣ በደስታ ነው የተረከው። ተረግሞ የወጣ ሰው እንዲህ አይተርክም።»

ይፍረዱልኝ ብላ የጠበቀቻቸው ሴት ቆማ ቀረች።

ሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ታላቋ በ149 ቁጥር አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ተቀምጣለች። የዕቁቡ ገንዘብ በፖስታ ሆኖ ከካፖርቷ ሥር ደረቷ ላይ አለ፤ ጠዋት ለባለሱቁ ልትሰጥ ቀጥራዋለች። አውቶቡሱ ሲያልፍ የተዘጋውን ሱቅ አየችው። «የሚከራይ» የሚለው ሰሌዳ ገና አልወረደም። የት ጋ ሥዕሉ እንደሚሰቀል፣ የት ጋ የልጆቹ ወንበር እንደሚሆን ታውቃለች። ጣራው ከፍ ያለ ነው፤ ጭሱ አያስጮኽም። እዚህ ላይ ምኞቷን ማቃለል ልክ አይደለም። ለራሷ አንድ ሳንቲም አልፈለገችም። ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ሲሳሳ ስስቱን ስስት ነው ብሎ ለማወቅ በጣም ይቸገራል፤ እሷም ተቸገረች።

ስታምፎርድ ሂልን አለፉ። አውቶቡሱ ጽዳት ሠራተኞችን ብቻ ጭኖ ቁልቁል ይበራል። ስለ ፍሬምናጦስ አሰበች። እስክንድርያ ወደብ ላይ ወደ ጢሮስ የምትሄድ መርከብ አጥቶ አይደለም። እሱም እናት ነበረችው ይሆን? ቤቱ ሞቷል ብሎ አልቅሶለት፣ ተዝካሩን አውጥቶ ይሆን? የመርከቧ ሰዎች እንዳለቁ ከተሰማ ስንት ዘመኑ ነው።

ታዲያ በሕይወት አለ ብሎ ለጢሮስ ሰዎች ማን ነገራቸው?

ይህን ጥያቄ መሪጌታ አልጠየቋትም። ራሷ ናት የደረሰችበት፤ ስትደርስበትም አውቶቡሱ ውስጥ ከመቀመጫዋ ከፍ አለች። የእናቷን ፊት ካየች አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። በስልክ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ትላቸዋለች። እናቷ ልጃቸው ለንደን ውስጥ ምን እንደምትሠራ አያውቁም፤ ቢሮ ነው የምሠራው ስላለቻቸው ቢሮ ነው ብለው ያምናሉ። ስለ አዳራሹ አያውቁም። ስለ ቁልፉ አያውቁም። እሷ ልትሄድ አትችልም፤ ከሄደች በሩን የሚከፍት የለም። እናቷም ሊመጡ አይችሉም። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ጀርባዋን ሰጥታ ታድራለች።

ሊቨርፑል ስትሪት ወርዳ ሥራዋን ሠራች። ጠዋት ሱቁ ጋ አልወረደችም።

ያን ሳምንት ታናሿ ትኬት ለመግዛት ከአሠሪዋ ብድር ጠይቃ ነበር። ቅዳሜ ማታ ጸሎቱ ሲያልቅ፣ ከወንበሯ ልትወርድ ስትል ታላቋ ከፊት ሆና በስሟ ጠራቻት። ሕዝቡ ዞሮ አያት። ብዙዎቹ ወንበር ላይ ቆማ ያዩዋት ያን ጊዜ ነው።

«ነይ» አለቻት።

ታናሿ ነጠላዋን ሳታስተካክል መጣች። ታላቋ እጇን ይዛ ወደ ሕዝቡ አዞረቻት።

«እህቴ ወደ አገሯ ልትገባ ነው» አለች። «ጥላን የምትሄድ አይደለችም። እኔ እንዲያ ብያት ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እኛ ነን የምንልካት። እናታችንን ታስታምምልናለች። እኛንም ትነግርልናለች።»

ፖስታውን ሁሉም እያየ በእጇ አስያዘቻት። ታናሿ ውስጡ ምን እንዳለ ሳትከፍት አወቀች። «እትዬ፣ ሱቁ…» አለች።

«አዳራሹ አለልን።»

መሪጌታ መጡና እጃቸውን ጫኑባት። ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ሹፌሩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በነጻ አደርሳታለሁ አለ። ነፍሰ ጡር የነበረችዋ ሴት፣ ልጇን አዝላ፣ ከመሣሪያው ሥር ቀጥሎ የሚቆመው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እሷው ሆነች።

ያች ሌሊት ሁለቱ እህትማማቾች አልተኙም። ታላቋ ሥራ አልገባችም። ስለ እናታቸው፣ ስለ ደብረ ታቦር፣ ስለ ቡሄ ችቦ፣ እስኪነጋ አወሩ።

ታናሿ ሄደች። እናታቸው ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው በልጃቸው እጅ ላይ ዐረፉ። ሰንብታ መመለስ ትችል ነበር፤ ግን እዚያ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታስተምር ጀምራ ስለነበር ቀረች። ወረቀቷም ጊዜው አለፈበት። ሱቁን ሌላ ሰው ተከራየው፤ ጠጉር ቤት ሆነ። ማኅበሩ እስካሁን ቅዳሜ ማታ በተውሶ አዳራሽ ይጸልያል።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ነው። ዝናብ ነው። ታላቋ ሰው ሳይመጣ ወለሉን እየወለወለች ሳለ አንዲት ልጅ፣ ሻንጣ እየጎተተች፣ ኮቷ ርሶ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«እዚህ ነው የሐበሾች ጸሎት?»

«እዚህ ነው። ግቢ፣ ግቢ። ገና ነው እንጂ። ከየት ነሽ?»

«ከደብረ ታቦር። ለትምህርት ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት። ማደሪያዬን አስይዤ ቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ሰው የማላውቅ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ቶተንሃም ሄጄ ከሃይ ሮዱ ገባ ያለውን አዳራሽ እንድፈልግ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ነግራኛለች።»

ታላቋ መወልወያውን አቆመች። ሌላ ምንም አላለችም። ወንበር ሳበችላትና ሻይ ልትቀዳ ዞረች።

ልጅቷ ደክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ ብዙ ያወራል። «መምህራችን ሁልጊዜ ትነግረናለች» አለች። «አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ጽዳት ሠራተኛ። ቁልፉን ከማተቧ ጋር ታስረዋለች። አራት ሆነው ነው የጀመሩት። የእንግሊዙን ቄስ እንዴት እንደለመነች፣ እናቷ ስትታመም ለቤተ ክርስቲያን ያጠራቀመችውን እንዴት አውጥታ እንደሰጠች… እኛ ጋ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ከእኛ ክፍል ሦስት ልጆች ከዚያ ወዲህ የጽዋ ማኅበር ጀምረዋል፤ አንዷ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቦታ አጥተው ከአንዲት ሻይ ቤት ባለቤት ጓዳ ለምነው። እኔ በጣም የምወደው ግን የጭሱን ነገር ነው።»

«የጭሱን?»

«እሳት አደጋ የሚጠራ መሣሪያ አለ አሉ። ዕጣኑ እንዳይቀር ሴትዮዋ ወንበር ላይ ወጥታ በነጠላዋ ስታራግብ ጸሎቱ ሁሉ ያልፋል። ቁልፍ ያዧ ራሷ! መሣሪያው የትኛው ነው? ያ ነው?» ልጅቷ ቀና ብላ ጣራውን አየች።

ታላቋ ሻዩን አቀበለቻት። «መምህራችሁ ስለ ራሷ ምን አለቻችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ አሰበች። «ስለ ራሷ? አብሬያቸው ነበርኩ ነው የምትለው። ሌላ አላለችም።»

ታላቋ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ሌላ ወንበር ስባ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ወንበሩ ላይ የቆመችው እሷ ናት» አለች። «ሰው እስኪመጣ ጊዜ አለን፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»